ማሽኑ እየወረደ ሳለ የተጠየቅሁት ምክር

ዛሬ ጠዋት አዲሱ የጠርሙስ መሙያ ማሽን በክሬን ከመኪናው ላይ ሲወርድ ቆመን እያየን፣ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ግርማ ጠጋ ብለው "ሐያት፣ የትኛውን ማሽን ብንገዛ እንደሚሻል የምክር ሐሳብ ጽፈሽ ከሰዓት አድርሽልኝ" አሉኝ።

ማሽኑ ገና አየር ላይ ነበር።

ለማታውቁኝ፣ አዳማ ውስጥ የአንድ ጁስ ፋብሪካ የመረጃ ባለሙያ ነኝ። ድርጅቱ ቴክኖሎጂ ከመግዛቱ በፊት ገበያው ላይ ምን እንደመጣና ምን እየቀረ እንደሆነ አጣርቼ አማክራለሁ።

ይህን ሞዴል አምራቹ ሊያቆመው እንደሆነ፣ መለዋወጫም እንደማይገኝለት ክረምት ላይ በስብሰባ ተናግሬ ነበር። ሁሉም አመሰገኑኝ። (ስብሰባው ሶደሬ ስለነበር ሰው ሁሉ ሐሳቡ ፍል ውሃው ላይ ነበር።)

"አቶ ግርማ፣ ማሽኑ እኮ መጥቷል" አልኳቸው።

"አውቃለሁ ልጄ። ኦዲተር ሲመጣ ፋይሉ ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው።"

ለመናደድ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

ቢሮ ገብቼ ጻፍኩት። ይህ ማሽን እንዳይገዛ የሚል ነው። አቶ ግርማ ሳያነቡት አመስግነውኝ፣ ማህተም አስመትተው ፋይል ውስጥ ከተቱት።

ስወጣ መካኒካችን ቶሎሳ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ማሽኑ ሲበላሽ ሌሊት የሚጠራው እሱ ነው።

"ባጋ ገመዴ ሐያት፣ እንኳን ደስ አለሽ። አንቺ የመረጥሽው ነው አሉ።"

"እንኳን አብሮ ደስ አለን" አልኩት።

እናንተ መሥሪያ ቤትስ ምክር የሚጠየቀው መቼ ነው? ጻፉልኝ። ዛሬ የማነበው ሌላ ነገር የለኝም።