በእህቷ ፓስፖርት

ቆንስላችን ውስጥ «እትዬ ማህተም» የምንላት ሴት ነበረች። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መስኮት ሁለት ላይ ተቀምጣ ፓስፖርት ስታድስ ስለኖረች እውነተኛ ስሟን የሚያስታውሰው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። እሷም እንደሌላው ለሥራ የመጣች ናት። ሰው ቤት ሠርታ፣ ቋንቋውን እዚያው ሳህን ስታጥብ ለቅማ፣ በኋላ ነው ቆንስላው የቀጠራት። ቁጡ ናት። ፎርም አበላሽቶ የመጣውን «ዓይን የለህም እንዴ?» ብላ ታንጓጥጠውና መልሳ ራሷ ትሞላለታለች። እኔ ሹፌሩ ነኝ። ከእኔ ጋር ደግሞ በየቀኑ ነው የምንጨቃጨቀው፤ ቀስ አልክ፣ ፈጠንክ፣ መስኮቱን ክፈት፣ ዝጋ። ለዚህ ለዚህማ ሚስት አለችኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከፖሊስ ጣቢያ ተደወለ። አንዲት የአገራችን ልጅ ከታሰረች አራት ቀን ሆኗታል። የምትንከባከባቸው አሮጊት ከደረጃ ወድቀው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ደግሞ ሠራተኛዋ ገፍትራ ጣለቻቸው ብለው ከሰዋል። መዝገቡ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። አንዴ ከሄደ ዳኛ ፊት እስክትቀርብ ወራት ነው፤ እስከዚያ የምትቀመጠው ነፍሰ ገዳዮች ያሉበት ወህኒ ቤት ነው። ቆንስሉ ስብሰባ ላይ ስለነበር ሄዳችሁ ጎብኟት፣ ደህና መሆኗን አይታችሁ ተመለሱ ብሎ በስልክ አዘዘን። ጣቢያው ከሁለት ሰው በታች አያስገባም፤ ስለዚህ እኔም በአንድ ጊዜ ከመኪና መሪ ተነስቼ ዲፕሎማት ሆንኩ።

መንገድ ላይ እትዬ ማህተም ከጣቢያው የተላከውን የፓስፖርት ቅጂ ጭኗ ላይ ዘርግታ ከፎቶው ላይ ዓይኗን አትነቅልም። ታክሲ እያለፈን እንኳ አልተቆጣችኝም። ያኔ ነው አንድ ነገር እንዳለ የጠረጠርኩት።

የጎብኚ ክፍሉ ጠባብ ነው። ወለሉ ላይ የታሰረ የብረት ጠረጴዛ፣ አራት የፕላስቲክ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ሰዓት። አምስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ይቀረዋል። ልጅቷን አመጧት። የቤት ነጠላ ጫማ እንዳደረገች ነው ያሰሯት፤ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቷ ጫፍ ጎትታ ይዛዋለች። ወረቀቱ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው ይላል። እኔ የአራት ልጆች አባት ነኝ፤ የልጅ አንገት አይጠፋኝም። ሃያ ስድስት! የኔ የመጀመሪያ ልጅ እንኳ ከዚህች ትበስላለች።

እትዬ ማህተም ዕድሜዋን ጠየቀቻት። ልጅቷ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን አስተማሪ ፊት እንደቆመ ተማሪ ሳትተነፍስ አነበነበችው። ደግማ ጠየቀቻት፤ ያንኑ ደገመች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳቻት። በዚህ አገር ሕግ አሥራ ስምንት ያልሞላው ሰው ከአዋቂ ጋር አይታሰርም፣ አይከሰስምም፤ ሐኪም ዕድሜዋን ይመረምራል፣ ጉዳዩም ወደ ልጆች ችሎት ይዞራል። ግን እውነቱን ዛሬ፣ አሁን መናገር አለባት። ልጅቷ ጠረጴዛውን እያየች ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው አለች። እኔ በገንኩ። ሰው እየሰመጠ እጅህን ስትዘረጋለት እንዴት እምቢ ይላል?

እትዬ ማህተም ወንበሯን አስጠጋች። ድምጿን እንዲህ ዝቅ አድርጋ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

«ባለፈው ዓመት መስኮቴ ላይ መጥተሽ ነበር። ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ አገጯ ላይ ማርያም የሳመቻት ምልክት አለ። አንቺ ላይ የለም። አይቻለሁ፤ አይቼ ነው ያደስኩልሽ።»

ክው አልኩ። እሷ ግን ቀጠለች። ብመልስሽ አሠሪዎችሽ ያባርሩሻል፣ ባዶ እጅሽን ትገቢያለሽ ብዬ አዘንኩልሽ፤ ጥፋቱ የኔም ነው፣ ብቻሽን አትሸከሚውም አለቻት። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻትና ፊቷን በእጅጌዋ ሸፍና ተንሰቀሰቀች።

ከዚያ በኋላ አፏ ተፈታ። ፓስፖርቱም ቪዛውም የታላቅ እህቷ ነው። ደላላው ሁሉን ከጨረሰ በኋላ፣ መሄጃዋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እህቷ ታጨች። ቤተሰቡ መከረ፤ የወጣ ቪዛ ከሚበላሽ ታናሿ ትሂድበት ተባለ። ስትመጣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን አሥራ ሰባት ሊሞላት ነው። ብትናገሪ እህትሽ ትታሰራለች ብሎ ደላላው አስፈራርቷታል፤ አባቷም አስምሏታል። አሮጊቷ ሲወድቁ እሷ ወጥ ቤት ነበረች። ድምፅ ሰምታ ስትወጣ ደረጃው ሥር ወድቀው አገኘቻቸው። እጃቸውን ይዛ ሰው እስኪመጣ ቆየች፤ ልጆቻቸው ሲመጡ እሷን ያዟት።

እትዬ ማህተም ጉዳዩን የያዘውን መርማሪ አስጠርታ በአገሩ ቋንቋ ነገረችው፤ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። የሐኪም ምርመራ ለማዘዝ የፓስፖርቱ ባለቤት እሷ አይደለችም የሚል የጽሑፍ ቃል ከቆንስላው ሰው ያስፈልገኛል፣ ሁለት ፊርማ ያለበት፣ መዝገቡ ሳይወጣ አለ። እትዬ ማህተም ቆንስሉ ጋ ደወለች። የሚለው ለኔም ይሰማኛል። ምንም እንዳትጽፉ። ራሳችን ያደስነውን ፓስፖርት ሐሰት ነው ካልን ነገ የሁሉም ዜጋችን ወረቀት ይጠረጠራል፤ ዋናውን መሥሪያ ቤት ልጠይቅ፣ ጠብቁ አላት። ክፉ ሰው አይደለም። የሚፈራውም እውነት ነው።

«ጌታዬ፣ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሆኗል» አለችው።

ጠብቂ አላትና ዘጋው። ጠበቅን። እሷ ስልኩን ታያለች፣ ልጅቷ እሷን ታያለች፣ እኔ ግድግዳውን አያለሁ። በበሩ ቀዳዳ አንድ ፖሊስ መዝገቦችን በገመድ ሲያስር ይታየኛል። ለስድስት አምስት ጉዳይ ሲል እትዬ ማህተም ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወረቀት ጠየቀች።

ስምንት መስመር ነው የጻፈችው። ፓስፖርቱን ያደስኩት እኔ ነኝ፣ ፎቶው የእሷ እንዳልሆነ እያወቅሁ ነው ያደስኩት ብላ ፈረመች። ከዚያ ብዕሩን ወደኔ ገፋችው። እባክህ አላለችኝም፣ ቀናም ብላ አላየችኝም። የመኖሪያ ፈቃዴ ከሥራዬ ጋር የታሰረ ነው፤ ሥራዬን ካጣሁ ልጆቼን ይዤ ከዚህ አገር ወጣሁ ማለት ነው። አልዋሻችሁም፣ መጀመሪያ ብዕሩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ምነው ያኔ መኪናው ውስጥ በቀረሁ አልኩ። ልጅቷ እጅጌዋን እየጎተተች ተቀምጣለች። ፈረምኩ። ፖሊሱ የታሰረውን ገመድ እያጉረመረመ ፈታና የእሷን መዝገብ መዞ አወጣ።

እትዬ ማህተም በሦስተኛው ቀን ተሰናበተች። እኔ ሹፌር ምን ያውቃል ተብዬ በማስጠንቀቂያ ታለፍኩ፤ በሕይወቴ መናቅ የጠቀመኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። እሷ የመኖሪያ ፈቃዷ እንዳይቃጠል ሌላ ከተማ ሄዳ እንደገና ሰው ቤት ተቀጠረች፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ።

ሐኪሙ ልጅቷ አሥራ ስምንት እንዳልሞላት መሰከረ። የልጆች ችሎት ሦስት ወር አጣርቶ ነጻ ለቀቃትና ወደ አገሯ እንድትመለስ ተወሰነ። አውሮፕላን ማረፊያ ያደረስኳት እኔ ነኝ። በራሷ ስም የተጻፈውን የመሄጃ ወረቀት ደጋግማ ትገልጠዋለች። መሰናበቻው በር ላይ እትዬ ለምን አልመጡም ብላ ጠየቀችኝ። ቢሮ ሥራ በዝቶባት ነው አልኳት። ምን ልበላት?

«እንግዲያው ይንገሩልኝ፣ ጋሼ» አለችኝ። «እንደኔ ያለች ልጅ መስኮቱ ላይ ከመጣች፣ አዝነው እንዳያሳልፏት።»

እነግራታለሁ አልኳት። ከእትዬ ማህተም ጋር በየሳምንቱ እንደዋወላለን። ልጅቷ በደህና ገባች ወይ፣ ምን አለች እያለች ትጠይቀኛለች። አመስግናሻለች ነው የምላት።