እናቴ የምታረባው ምስጥ

ጃጁራ ያለው የእናቴ ቤት መሐል ምሰሶ በምስጥ ተበልቶ፣ በጣቴ ስጫነው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ቤቱ ከወደቀ እናቴ ሆሳዕና ከተማ መጥታ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር መኖሯ ነው። ይህን ደግሞ ከሞት ለይታ አታየውም። እናቴን እወዳታለሁ፤ ግን ያለኝ ሁለት ክፍል ብቻ ስለሆነ እኔም ብሆን ስጋቱ ነበረብኝ።

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ተባይን በዕፅዋት ስለ መከላከል በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እለፈልፋለሁ እንጂ አንዲት ምስጥ ገድዬ አላውቅም። ተራው ደረሰኝ ብዬ ቅዳሜ ዕለት አንድ ፌስታል የብርብራ ፍሬ ይዤ በሚኒባስ ሄድኩ። ስወቅጠው ዱቄቱ አፍንጫዬ ገብቶ ሳስነጥስ ዋልኩ። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል «ይማርህ» ማለት ሰልችቶት ተወኝ። እናቴን ያናደዳት ግን ሌላ ነው።

«ዓሣ የሚገድል ነገር በሚጥሚጣ ሙቀጫዬ ትወቅጣለህ?»

«አጥበዋለሁ፣ እማ።»

«ሰባት ጊዜ እጠበው።»

ዱቄቱን ዘፍዝፌ አሳደርኩት፤ በማግስቱ አጥልዬ ምሰሶው ሥር አፈሰስኩ። ምስጡ ድራሹ ጠፋ። ያን ሳምንት አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ የሚችለኝ አልነበረም። በሳምንቱ ስመለስ ምሰሶው ላይ አዲስ የጭቃ መስመር ወጥቷል። ግራዋ ጨመርኩበት። እንደገና መጣ። ነጭ ሽንኩርት ጨመርኩበት፤ ቤቱ ወጥ ወጥ ሸተተ እንጂ ምስጡን ግድም አልሰጠውም።

በአምስተኛው ቅዳሜ የጭቃውን መስመር ተከትዬ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ግድግዳው ሥር አንድ የተሸረፈ ገንቦ ተደፍቷል። ሳነሳው ከሥሩ ገለባና እርጥብ እበት፣ በላዩ ላይ ደግሞ ምስጥ ይርመሰመሳል። ወዲያው እናቴ ጫጩቶቿን አስከትላ መጣች። ጫጩቶቹ ሰዓቱን ያውቁታል፤ በእግሬ መሐል ሾልከው መልቀም ጀመሩ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«የጫጩቶቼ ምግብ ነዋ። እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገው።»

«እማ፣ ቤቱን እየበላው ያለው ይሄ ነው'ኮ።»

«ያ የቤት ምስጥ ነው። ይሄ የኔ ነው።»

ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት። ብርብራዬን እንዳላፈስበት ፈርታ ነው። «ጫጩቶቼ የሚበሉት ካጡ፣ ቅዳሜ ስትመጣ ምን አርድልሃለሁ?» አለችኝ። በየቅዳሜው አንድ ዶሮ ስበላ ነው የከረምኩት። አባቴ ያቆመውን ምሰሶ ምስጥ በላው፣ ምስጡን ዶሮ በላው፣ ዶሮውን እኔ በላሁት።

ንዴቴ ሳቅ ሆኖ ወጣ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ገንቦው ከቤቱ ቢርቅ ምስጡ ይተወናል?» አለችኝ።

«ብርብራውም ከተጨመረበት፣ አዎ።»

ጫጩቶቹን ትንሽ አየቻቸው። «ከዚያ በኋላስ ለምን ብለህ ትመጣለህ?»

አፈርኩ። ምስጡ ከመምጣቱ በፊት ለመስቀልና ለገና ብቻ ነበር የምመጣው።

«ለዶሮው» አልኳት፤ ሌላው ከአፌ አልወጣ ብሎኝ።

«እንግዲያው ገንቦውን አጥሩ ጥግ ውሰደው» አለች። «እበቱ እንዳይደርቅ ውሃ አርከፍክፍበት።»