የፊተኞቹ ሁለቱ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ምን ይወጣዋል? በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ከሚኖሩት የኢኑይት ሕዝብ ከሆነችው ከኒቪያቅ ዕድሜ የሚወጣው ጥበቃ ነው። በየመስከረሙ በረዶው ሳይጠና፣ ከአዳኝ በቀር ሰው በማይደርስበት ሐይቅ ደቡብ ዳርቻ ድንኳን ተክላ፣ አጋዘኖቹ ከማዶ በዋና እስኪሻገሩ ትጠብቃለች። መንጋውን የሚመሩት የፊተኞቹ አይነኩም፤ እነሱ በሰላም ካለፉ ሌሎቹ ይከተሏቸዋል፣ አዳኙም ከኋለኞቹ ይወስዳል። ይህን ከእናቷ ነው የተማረችው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ግን አንድም አጋዘን ዝር ሳይል ቀረ። በሦስተኛው መስከረም ኒቪያቅ መቀመጥ አቃታት። ሻይዋን ሳትጨርስ ትነሳለች፤ ጉብታው ላይ ወጥታ ማዶውን ታያለች፤ ወርዳ ደግማ ትወጣለች።

«አክስቴ፣ አንቺ ስትንቆራጠጪ አይተው እኮ ነው የሚሸሹት!» አላት የወንድሟ ልጅ ኡላዩክ፣ የደረቀ ዓሣ እያኘከ።

«አንተ ስታላምጥ ሰምተው ነው እንጂ!» አለችው። አብረዋቸው የመጡት አዳኞች ሳቁ።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የማዶው ዳገት በአጋዘን ተሸፈነ። ሁለት ትልልቅ እንስቶች ቀድመው ውሃው ውስጥ ገቡ፤ ዳክዬዎች ከፊታቸው ብር ብለው ተነሱ። የቀረው መንጋ ዳር ቆሞ ሁለቱን ይመለከታል።

ኡላዩክ ጠመንጃውን አነሳ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሁለት ዓመት የቆርቆሮ ሥጋ ሲበሉ ኖረዋልና እጃቸው አላርፍ አለ።

ኒቪያቅ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሮጠች ክንዳቸውን ያዘች። «ልጆቼ፣ የኋለኞቹን የፈለጋችሁትን ያህል ውሰዱ፤ እነዚህን ሁለቱን ብቻ ተዉልኝ» ብላ ለመነች።

ማንም አልተወላትም።