የሬጅስትራሩ ሬጅስትሪ

ወልቂጤ ውስጥ ኮምፒዩተር የሚጠግን ሞልቷል፤ ያለበትን ሁሉ ደምስሶ ፎርማት ከማድረግ ሌላ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ብርቱካንን የሚያናድዳት ይኸው ነው። ማሽኑን ካስነጠሰው ፎርማት፣ ካሳለው ፎርማት! «ራሱን ያመመውን ሰው አንገቱን ትቆርጡታላችሁ?» እያለች ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቋ አሥራ አንድ ዓመት ስትጮህ ኖራለች። ቁጡ ናት ይሏታል። ናት፣ ምን ይደረግ።

ሥራዋ ግን እንደ አመሏ አይደለም። የኮምፒዩተሩ የውስጥ ቅንብር የሚቀመጥበትን፣ በሙያው ሬጅስትሪ የሚባለውን ክፍል ከመንካቷ በፊት ቅጂውን ፍላሽ ላይ ታወጣለች። ከዚያ የነበረውንና የለወጠችውን ደብተሯ ላይ ትጽፍና «ቅጂ» በሚለው ዓምድ ሥር ራይት ታደርጋለች። አንዱን ነክታ፣ ማሽኑን አጥፍታ አብርታ፣ ደኅና መሆኑን ሳታይ ሁለተኛውን አትነካም። ደንበኛ ሲያጣድፋት «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ትለዋለች።

ባለፈው ሰኞ ከአንድ የግል ኮሌጅ ተደወለላት። የስልሳ ሦስት ተመራቂዎች የአራት ዓመት ውጤት ያለበት ኮምፒዩተር አንድም ፕሮግራም አልከፍት ብሏል። ውጤቱ ሌላ ቦታ የለም። እስከ ረቡዕ ካልተላከ ደግሞ ልጆቹ የመውጫ ፈተና አይቀመጡም። ብርቱካን ማሽኑን ታውቀዋለች፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ሬጅስትሪው ውስጥ ገብታ የአማርኛ መጻፊያውን ያስተካከለችው እሷ ናት።

በባጃጅ ከነፈች። ዲኑ አቶ ስምዖን በር ላይ ቆመው «ሌላ ባለሙያ ፎርማት ይደረግ ብሏል» አሏት።

«ውጤቱን እሱ ሊመልስልዎት ነው? ማንም እንዳይነካው!» ብላ አልፋቸው ገባች።

ጠረጴዛው ጋ ሬጅስትራሩ አቶ ዘመድኩን ተቀምጠዋል። ከጎንደር መጥተው ወልቂጤ ሃያ ዓመት የኖሩ፣ ማኅተማቸውን ሰው ሲነካባቸው የማይወዱ ሰው ናቸው።

«ምኑን ነኩት?» አለቻቸው።

«ማጽዳቴ ነው እንጂ ምን ነካሁ! ያን ቀን ስትከፍቺው አይቻለሁ፤ ሬጅስትሪ ይላል። ሬጅስትራሩ እኔ ነኝ፤ ታዲያ የማን ሊሆን ነው? ገብቼ ሳይ ክላስ፣ ክላስ የሚል ሞልቶበታል። ተመርቀው የወጡ ክላሶች ናቸው ብዬ ሰረዝኳቸው።»

ብርቱካን ቱግ አለች። ለታላቅ የሚገባው አንቱታ ከአፏ ጠፋ።

«ሰውዬ፣ አብደሃል? ይሄ የተማሪ ክላስ መሰለህ? የትኛው ፋይል በየትኛው ፕሮግራም እንደሚከፈት የሚያውቀው እሱ ነበር እኮ! አንድ ስልክ መደወል አቅቶህ ነው የስልሳ ሦስት ልጅ ልፋት ላይ የምትጫወተው?»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው» አሉ አቶ ስምዖን። «ዛሬውኑ የስንብት ደብዳቤ ይጻፍለታል።» አቶ ዘመድኩን አንገታቸውን ደፉ።

«ቆይ፣ ቅጂ አለኝ» አለች ብርቱካን። ደብተሯን ገለጠች፤ ቀኑ አለ፣ ራይቱም አለ። ፍላሹን ላፕቶፗ ላይ ሰካች። የሌላው ደንበኛ ሁሉ ቅጂ አለ፤ የዚህኛው ማሽን የለም። ደግማ ፈለገች። የለም። ያን ቀን አቶ ዘመድኩን «ቶሎ በይ ልጄ፣ ምሳ ሰዓት ደረሰ» እያሉ ቆመውባት ነበር። እሷም ቀላል ነገር ነው ብላ፣ በለመደ እጇ ራይቷን አድርጋ፣ ቅጂውን ሳታወጣ ሄዳለች።

ፊቷ ነደደ። ሰውዬው ላይ ካወረደችው የባሰ ንዴት አሁን ወደ ራሷ ዞረ። የማሽኑን ዲስክ ፈታች። ደግነቱ በሬጅስትሪ የሚታወከው አከፋፈቱ እንጂ የተቀመጠው ፋይል አይደለም። ዲስኩን ከላፕቶፗ ጋር አገናኝታ ውጤቱን አገኘችውና ሁለት ቦታ ገለበጠችው። ስልሳ ሦስቱም አሉ። አቶ ስምዖን «ተመስገን» አሉና ደብዳቤውን ሊያስጽፉ ተነሡ።

«የኔንም ስም ያስገቡበት» አለች ደብተሯን ፊታቸው ዘርግታ። «ይህች ራይት ውሸት ናት። ቅጂ አላወጣሁም።»

ዲኑ ቆመው ቀሩ። ብርቱካን ወደ አቶ ዘመድኩን ዞረች። ንዴቷ አልበረደም፤ አንቱታዋ ግን ተመልሷል።

«እርስዎ የማያውቁትን ነኩ። እኔ የማውቀውን ዘለልኩ። የማን ይብሳል?»

እስክሪብቶዋን አንስታ ራይቷን ስትሰርዝ ወረቀቱ ተቀደደ።