ሁለት ዮዮ ከጫማ ቀለም ጣሳ

ችግር ብልሃትን ይወልዳል ይባላል። አይወልድም። ቢወልድማ ኖሮ እኛ እስካሁን ጨረቃ ላይ ከተማ በቆረቆርን ነበር። ብልሃትን የሚወልደው ጨዋታ ነው። ይህን ያስተማረችኝ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ያስተማረችኝም አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አሳፍራ ነው። አሥር ዓመት ገደማ ሆኖታል። በሕይወቴ ካፈርኩባቸው ቀኖች ደስ እያለኝ የማስታውሰው እሱን ብቻ ስለሆነ ልጽፈው ተነሣሁ።

ያኔ ነገሌ ቦረና አማርኛ አስተምር ነበር። ትምህርት ቤታችን በዓመቱ መጨረሻ የሳይንስና የፈጠራ ሥራ ኤግዚቢሽን ያዘጋጃል። አንደኛ የወጣው ሥራ ለዞን ውድድር ያልፋል፤ የቀረው ክረምቱን የጥበቃው ማገዶ ይሆናል። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ የፊዚክስ መምህሩ ነበር። እሱ በዋዜማው ወደራ ከተማ ለቅሶ ሄደ። ርእሰ መምህሩ "አንቺ ታነቢያለሽ አይደል?" ብለው በእሱ ቦታ ተኩኝ። በእኛ አገር ማንበብ ለማንኛውም ሥራ ብቁ ያደርጋል፣ ከሹመት በስተቀር።

ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር ኦቦ ቦሩ ነበሩ። ሦስተኛው ዳኛ ወጣቱ የባዮሎጂ መምህር ነው።

የነጥብ መስጫው ፎርም ላይ አንድ ትልቅ ሳጥን አለ። "የሚፈታው የኅብረተሰብ ችግር" ይላል። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ሥራው ለዞን አያልፍም።

ተማሪዎቹ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ከካርቶን የተሠራ የጉድጓድ ውኃ መሳቢያ ነበር። ውኃው ሰማያዊ ቀለም ነው። ፓምፑ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ምንም ነገሩ አይንቀሳቀስም። ሳጥኑ ውስጥ ግን "የቦረናን ድርቅ ሙሉ በሙሉ ይፈታል" ተብሎ ተጽፏል። ኦቦ ቦሩ ሙሉ ነጥብ ሰጡት። እኔም ሰጠሁት። ድርቅ እንዲፈታ የማይፈልግ ማን አለ?

የመጨረሻው ጠረጴዛ የሰላማዊት ነበር። አባቷ ካምፕ የሚኖር አሥር አለቃ ነው። ወታደር ቤት የማይጠፋ ነገር ቢኖር የጫማ ቀለም ጣሳ ነው። ጣሳዎቹን ሁለት ሁለት አድርጋ፣ ጀርባ ለጀርባ አዙራ፣ በአጭር እንጨት አያይዛ ሁለት ዮዮ ሠርታለች። ከጎናቸው ከሞያሌ የመጣ ቀይ የፕላስቲክ ዮዮና አንድ ደብተር ተቀምጧል።

ደብተሩን ገለጥኩት። "ክሩ ሲረጥብ ለምን አይመለስም?" "በሲባጎና በጥጥ ክር መካከል ምን ልዩነት አለ?" "ክሩ ሲረዝም ስንት ጊዜ ይመላለሳል?" "የሞያሌው ለምን ከእኔ ይፈጥናል?" ገጹ ሁሉ ጥያቄ ነው። በየጥያቄው ሥር በቁጥር የተሞላ ሠንጠረዥ አለ። አንዳንዱ ቁጥር ተሰርዞ እንደገና ተጽፏል። ያን ቀን በአዳራሹ ውስጥ የተሰረዘ ቁጥር ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

ኦቦ ቦሩ ግን ፎርሙን ነበር የሚያዩት። ሳጥኑ ባዶ ነው።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ መጫወቻ አይደለም እንዴ?"

"ነው፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ምን ችግር ይፈታል?"

"ምንም።"

የውኃ መሳቢያው ባለቤቶች ከኋላ ሳቁ። "ለዮዮ ለዮዮማ እኛም ቤት አለ!" አለ አንዱ። አባቷ ዩኒፎርሙን ለብሶ ግድግዳው ጥግ ቆሟል። አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። ጫማው አላበራም። ቀለሙ ሳያልቅ ጣሳውን እንደወሰደችበት በኋላ ሰማሁ።

ኦቦ ቦሩ ሥራዋን ሊሰርዙ እስክሪብቷቸውን ሲያነሡ ሰላማዊት፣ "ጋሼ፣ ከመሰረዝዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ?" አለች።

"ጠይቂ።"

"ሁለቱ የጣሳ ዮዮዎች እኩል ይመዝናሉ። በውስጣቸው እኩል ምስማር ነው ያለው። ክራቸውም እኩል ነው። አንድ ላይ ብለቃቸው የትኛው ቀድሞ ይወርዳል?"

"እኩል ነዋ!" አሉ ኦቦ ቦሩ።

"እኩል" አለ የባዮሎጂው መምህር።

እኔ "እኩል" ብዬ ብተው ምን ነበረበት? አልተውኩም። ክብደታቸው ቢለያይ እንኳ እኩል እንደሚወርዱ፣ ይህም ከታወቀ ብዙ መቶ ዓመታት እንዳለፉ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለው እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ አብራራሁ።

ወንበር ላይ ወጣች። ሁለቱን ክሮች በሁለት ጣቷ ይዛ ለቀቀቻቸው። አንደኛው ሽው ብሎ ታች ደርሶ ወደ ላይ መመለስ ጀመረ። ሌላው ገና ግማሽ መንገድ አልደረሰም። ደመወዙ እንደማይቀርበት ሠራተኛ ተረጋግቶ ይወርዳል።

አዳራሹ ተንጫጫ። "አጭበርብራለች!" "ክብደቱ እኩል አይደለም!" ኦቦ ቦሩ ሚዛን ይምጣ አሉ። የቤተ ሙከራው ሚዛን አለ፤ ቁልፉ ግን ፊዚክስ መምህሩ ኪስ ውስጥ ወደራ ለቅሶ ተቀምጧል። ጥበቃው መንገድ ተሻግሮ ከባለሱቁ የስኳር ሚዛን ተውሶ መጣ። ሁለቱን ዮዮ በሁለቱ ሳህን ላይ አስቀመጥናቸው። ሚዛኑ ቀጥ አለ።

ክሮቹን አቀያየርን። ኦቦ ቦሩ ራሳቸው ወንበር ላይ ወጥተው ለቀቁ። ያው ዘገየ። እኔም ወጥቼ ለቀቅኩ። ያው ዘገየ።

ይሄኔ ሰላማዊት የጣሳዎቹን ክዳን ከፈተች። በፈጣኙ ውስጥ ምስማሮቹ መሐል ላይ፣ እንጨቱ አጠገብ፣ በሻማ ተጣብቀዋል። በዘገየው ውስጥ ዳር ዳሩን ተደርድረዋል።

"መውደቅ ብቻ ቢሆን እኩል ነበሩ፣ ቲቸር" አለችኝ፣ እንዳልከፋ ተጠንቅቃ። "ግን እየዞሩ ነው የሚወርዱት። ክብደቱ ዳር ሲሆን ማዞሩ ይከብዳል።"

የባዮሎጂው መምህር ራሱን አከከ። "ጥሩ ነው። ግን ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ዞን አይቀበለውም።"

ኦቦ ቦሩ ወደ ልጅቷ ዞሩ። አሁን የሚለማመጡት እሳቸው ነበሩ። "እስቲ አስቢ፣ ኢንተላ ኮ። የሚፈታው አንድ ነገር እንኳ የለም?"

አሰበች። "ቅድም ሦስታችሁም ‘እኩል’ ብላችሁ ነበር። አሁን አትሉም። እሱ ይቆጠራል?"

ኦቦ ቦሩ ጠረጴዛውን መትተው ሳቁ። የካርቶኑ ውኃ መሳቢያ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። "ዱጋ!" አሉ። "እውነቷን ነው!" ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ ጉልህ አድርገው "የዳኞችን አለማወቅ" ብለው ጻፉ። ፈረሙና እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጡኝ። ብዙ ጽሑፍ ላይ ስሜን አስፍሬያለሁ። ከዚያ የበለጠ እውነት ላይ ግን አልፈረምኩም።

አንደኛ ወጣች። ስሟ ሲጠራ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አባቷ አላጨበጨበም፤ እዚያው ግድግዳው ጥግ ተረከዙን አጋጭቶ ቀጥ አለና ወታደራዊ ሰላምታ ሰጣት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በዞኑ ውድድርም አንደኛ ሆነች። እዚያም ዳኞቹ "እኩል" ብለው ነበር።

የዘገየውን ዮዮ ለእኔ ሰጠችኝ። አሁንም የምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ነው። "እንደሚታወቀው" ብዬ አንቀጽ ልጀምር ስል አነሣና እለቀዋለሁ። ቀስ ብሎ ይወርዳል። ቃሉን እሰርዘዋለሁ። ሐፍረቱ አልፏል፤ ደስታው ግን እንዳለ ነው።

እናንተም ቤት አንዲት ልጅ ጣሳ ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣ ይሆናል። "ይሄ ምን ይጠቅማል?" አትበሏት። ሁለተኛውን ጣሳ ስጧትና ዞር በሉላት።