ድፎ የሚበላልኝ ሰው ፍለጋ

የንስሐ አባቴ ጉድ ሠሩኝ። ከመተማ ተነሥቼ ገዳሪፍ ያለችውን ልጄን ልጠይቅ ስል፣ «በዚህ ሁዳዴ ጸሎት ብቻ አይበቃህም፤ ይህን ድፎ መንገድ ላይ ለተራበ ሰው ሳታበላ ከልጅህ ቤት እንዳትገባ» አሉኝ። ድፎው እንኳን ለአንድ ርኁብ፣ ለመተማ ሕዝብም ይተርፋል።

ምን ዋጋ አለው! ሱዳኖቹም ረመዳን ላይ ነበሩ። በተሳፈርኩበት ሎሪ ላይ የተጫነውን ሰው ሁሉ ብለምን፣ «ያ ሐጅ፣ አባቴ፣ ሷይም ነኝ፤ ጾመኛ ነኝ» ይለኛል። ሹፌሩማ «ደግመህ ብትጠይቀኝ አወርድሃለሁ» አለ። እህል አጥቶ የሚለምን ሞልቷል፤ «ብላልኝ» እያለ የለመነ ግን እኔ የመጀመሪያው ነኝ።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ ጥምጣማቸውን ፈተው መንገዱ ላይ እንደ ገመድ የወጠሩ ሰዎች አስቆሙን። የቤተ ክርስቲያን ምሰሶ የሚያህል ዱላ የያዘ ሽማግሌ እኔኑ በክንዴ ጎትቶ አወረደኝ። ሽፍታ! ድፎዬን ዘረጋሁለትና «እንካ አባቴ፣ ነፍሴን ብቻ ተውልኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሽማግሌው ድፎውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳመው። መንገድ ዳር በተነጠፈ ምንጣፍ ላይ አስቀመጠኝና፣ አዛን ሲሰማ «ቢስሚላህ» ብሎ ጾሙን በእኔ ዳቦ ፈታ። ከዚያ ዱላውን ወደ አንድ ሰሐን ፉል ቀስሮ፣ ከገበያ በለቀመው አማርኛ ተቆጣኝ፦

«ብላ እንጂ ሐበሻ! በሰሊጥ ዘይት ነው፤ የእናንተም ጾም እንደሆነ እናውቃለን። እዚህ መንገደኛ ሳይበላልን አያልፍም!»