አባቴ ቢላዋውን ለምን እንደፈራ

ይህ ታሪክ ሊነገር የሚገባው መሆኑን ገና እርግጠኛ አይደለሁም። አባቱን ያጣ ልጅ በየቀበሌው አለ፤ እኔም ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ዓመት ያልሞላኝ ተማሪ ነኝ። ግን በቀደም ዕለት የባዮሎጂ መምህራችን ስለ ማይክሮ አር ኤን ኤ ሲያስተምሩን መጻፉን ትቼ ቀረሁ።

በጣም ትንሽ ነገር ነው፤ ራሱ ፕሮቲን አይሠራም። ሥራው መከልከል ነው። ከጂን የወጣው «ይህን ፕሮቲን ሥሩ» የሚል መልእክት ሲያልፍ ይለጠፍበትና ያስቆመዋል።

«አንዳንዶቹ ሴል ከልኩ በላይ እንዳያድግ የሚይዙ ናቸው» አሉ መምህራችን። «እነሱ ሲጠፉ ሴሉ መባዛቱን ላያቆም ይችላል። መሞት ሲገባውም አይሞትም።»

ከገሱባ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን አባቴ የእንሰት ችግኝ በማፍላት የታወቀ ሰው ነበር። የአንዱን እንሰት ግንድ ይቆርጥና ከመሬት በታች ያለውን ወፍራም ሥር፣ አሚቾውን፣ መሃሉን ቦርቡሮ ያወጣዋል። ጉድጓዱን በፍግና በአፈር ሞልቶ መልሶ ይቀብረዋል። ዝናብ ጠግቦ ምድሩ ፍግ ፍግ ሲሸት፣ ከተቦረቦረው ዙሪያ ችግኝ ተንጋግቶ ይወጣል። መሃሉ ካልተነካ ግን አይበቅልም። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «የመሃሉ ጌታ ነው። እሱ እያለ ሌሎቹ አፋቸውን አይከፍቱም» ይለኝ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ አንገቱ ላይ እብጠት ወጣ። በበጋ ባቄላ ያህል ነበር፤ በልግ ሲገባ ድንች አከለ። በዚያ ኮረኮንች መንገድ እየተንገጫገጭን ሶዶ ሆስፒታል ወሰድኩት። ናሙና ወስደው ካንሰር ነው አሉን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ወላይትኛ ስለማይችል አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ።

«አባባ፣ ገና አልተሰራጨም። አሁን ቆርጠን ብናወጣው ይሻላል» አለ።

አባቴ ሳቅ አለ። «ይህ ልጅ እንሰት ተክሎ ያውቃል ወይ በለው።»

ነገርኩት። «እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ በልቼ ነው የማውቀው» አለ ሐኪሙ።

«ለዚህ ነዋ! የተቆረጠ ነገር እንደሚበዛ ማን ይንገረው? አሁን አንድ ነው። ቢላዋ ከነካው ሰውነቴን ሁሉ ይሞላዋል።»

ሐኪሙ ዕጢ እንሰት አለመሆኑን በትዕግሥት አስረዳ። እኔም በወላይትኛ ደገምኩት፤ ለመንኩትም። አባቴ ግን የሚከራከረው ዕድሜውን ሙሉ በዓይኑ ባየው ነገር ነው፤ እኔ የያዝኩት የሰው ቃል ብቻ ነበር። ሳይቆጣ ኮቱን ደረበና ወጣ።

ክረምቱን እብጠቱን ከማየት በቀር ሥራ አልነበረኝም። መጀመሪያ ቆጮ መዋጥ አቃተው፣ ቀጥሎ ገንፎ። የሚያቃጥለው የቃሪያ ዳጣ ያለበትን ምግብማ ከሩቅ እያሸተተ ፊቱን ያዞር ጀመር። እናቴ ወተት በማንኪያ ስታጠጣው ግማሹ በአገጩ ይወርዳል። ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት፣ «እሺ፣ ውሰደኝ» አለኝ።

ያው ሐኪም ነበር። አንገቱን ዳሰሰ።

«ምን አለ?» አለኝ አባቴ።

ሐኪሙ ምንም ስላላለ የምተረጉመው አልነበረኝም። ቆይቶ፣ «ትልቁን የደም ሥር ይዞታል። አሁን መቁረጥ አይቻልም» አለ። ይህንኑ ነገርኩት።

አባቴ ፊቱ ፈካ። «አየህ፣ አሁን እሱም ገባው» አለኝ።

ኮቱን አለበስኩትና ደግፌ አወጣሁት።

ዛሬ ሳስበው አባቴ ግማሹን ያውቅ ነበር፤ ዕድገትን የሚይዝ ነገር እንዳለ፣ እሱ ሲነሣ ሌላው እንደሚፈላ። ያላወቀው፣ አንገቱ ውስጥ ሴሉን የሚይዘው ነገር ማንም ቢላዋ ሳያነሣ አስቀድሞ መላላቱን ነው። ያኔ ይህን በራሱ ቋንቋ ብነግረው ምናልባት ይሰማኝ ነበር፤ ምናልባትም አይሰማኝም ነበር። አሁን ማስረዳት እችላለሁ፤ የማስረዳው ሰው ግን የለም። አባቴ ያረፈው ጎረቤቶቻችን የበዓሉን ቅርጫ ሲከፋፈሉ፣ መስከረም አሥራ ሰባት ቀን ጠዋት ነው።